ዋሴን ያወረድኩ ዕለት

የመኖሪያ ወረቀቴን የነጠቀኝ ሰው የለም። ሌላው ስደተኛ ሲያወራ ፖሊስ ቀማኝ ይላል፣ አሠሪዬ ካደኝ ይላል፣ ደላላ በላኝ ይላል። እኔ እንዲህ ብዬ የማማው ሰው እንኳ አላገኘሁም። ጺሜን ተላጭቼ፣ ሸሚዜን አጥቤ፣ ሽማግሌ አስከትዬ፣ በገዛ እግሬ ቢሮ ሄጄ ያስረከብኩት እኔው ነኝ። ጸሐፊው ፊት ቆሜ፣ አፌን ሞልቼ፣ "ዋሴን አውርጃለሁ" አልኩ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አሁንም ትዝ ሲለኝ ቆሽቴ ያራል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። መካኒክ ነኝ። ከመተማ ዝቅ ብሎ፣ ሰሊጥ በሚመረትበት ቆላ፣ የአንድ ባለሀብት እርሻ ላይ ትራክተር እየጠገንኩ ነው ጎልማሳ የሆንኩት። ደርግ መጣና እርሻው የሕዝብ ነው ተባለ። ባለቤቱ አንድ ጠዋት ጠፋ፤ ትራክተሮቹ ቀሩ፤ የትራክተሮቹን አመል የሚያውቅ ሰው ደግሞ እኔ ብቻ ሆንኩ። እሰይ፣ እንግዲህ ተፈላጊ ሆንኩ ብዬ ነበር። መፈለጉንስ ተፈለግኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠርቶኝ፣ "ከአንዱ ትራክተር ላይ የናፍጣ ፓምፕ ጎድሏል፣ ጌታህ የት ደበቀው?" አለኝ። ፓምፑ ከተሰበረ ሁለት ክረምት አልፎታል ብል ማን ይስማኝ? "የአድኃሪ ቅጥረኛ" የሚል ስም ወጣልኝ። በዚያ ዘመን ይህ ስም የወጣለት ሰው መጨረሻው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። መፍቻዎቼን በጨርቅ ጠቀለልኩና፣ በገበያ ቀን ከግመል ነጂዎች ጋር ተደባልቄ ወንዙን ተሻገርኩ።

ወንዙ፣ ወንዝ ከተባለ፣ በበጋ አሸዋና ድንጋይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ነው ውሃ የሚያየው። በዚህ በኩል መተማ፣ በዚያ በኩል የሱዳኗ ገላባት፣ መሐላቸው አጭር ድልድይ። መተማ ሆነህ ብታስነጥስ ከገላባት ይማርህ የሚልህ አታጣም።

ሚስቴን ትቻት ነው የተሻገርኩት። ከተጋባን ዓመት አልሞላንም ነበር። "ቦታ እንደያዝኩ በሳምንት ውስጥ አስመጣሻለሁ" አልኳት። ድንቄም በሳምንት! በማግሥቱ ቀበሌ ጠሯትና፣ "የከሃዲ ሚስት ነሽ፣ ከመተማ ንቅንቅ እንዳትዪ፣ በየሳምንቱ እየመጣሽ ትፈርሚያለሽ" አሏት። መፈረም አልችልም ብትላቸው መሠረተ ትምህርት አስገብተው ፊደል አስቆጠሯት። ደርግ ለቤታችን የሠራው ደግ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፣ እሱንም ለራሱ ፊርማ ብሎ ነው።

ገላባት ላይ አንድ ወርሻ ነበር፤ ወርሻ የሚሉት ጋራዡን ነው። ባለቤቱ አራት ትራክተርና አንድ ወፍጮ ያላቸው፣ መካ ደርሰው የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ አገሩ በሙሉ ሐጅ ነው የሚላቸው። ሥራ ፍለጋ በሩ ላይ ስደርስ ሦስት ሰው አንድ ትራክተር ላይ ይረባረባል። ያስነሱታል፣ ይጠፋል፤ ያስነሱታል፣ ይጠፋል። የናፍጣው መስመር ውስጥ አየር ገብቶበታል፣ ድምፁን የሰማ ያውቀዋል። ማንም ሳይጠይቀኝ ገባሁና መስመሩን ፈታ አድርጌ አየሩን አስወጣሁለት። ተነሳ፣ አልጠፋም። ሐጁ ሻይ አስመጡልኝና ስኳሩን በገዛ እጃቸው አማሰሉልኝ። በማግሥቱ እጄን ይዘው የውጭ አገር ሰው ወደሚመዘገብበት ቢሮ ወሰዱኝ።

ቢሮው ከፖሊስ ጣቢያው ጎን ያለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ጸሐፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ቀጭን ሰው ነበር።

"ለዚህ ሐበሻ ማን ይቆምለታል?" አለ።

"እኔ" አሉ ሐጁ።

"ቢጠፋስ?"

"እኔን ጠይቁኝ።"

"ቢሰርቅስ?"

"እኔን።"

"ሰው ቢገድልስ?"

ሐጁ ዞር ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ሳቁ። "ይሄ ከትራክተር ሌላ ፍጡር የሚነካ አይመስለኝም። ቢሆንም እኔን" አሉ። ከጀለቢያቸው ኪስ ማህተማቸውን አውጥተው መቱበት። እነሱ ዳሚን ይሉታል፣ እኛ ዋስ እንለዋለን። ፎቶዬ የተለጠፈበት ወረቀት ተሰጠኝና ሰው ሆንኩ።

እኔ ደግሞ ዋስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የማውቅ መስሎኝ ነበር ልበል። ባደግኩበት በደጋው አገር ዋስህን አታሳፍርም፣ ዋስህ ደጅ ላይ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አትናገርም። ጉዳይህ ሲያልቅም ዝም ብለህ ወደ ቤትህ አትሄድም። ዋስ በጠራህበት ቦታ፣ በዚያው ዳኛ ፊት፣ ሰው እየሰማ "ዋሴን አውርጃለሁ" ብለህ መርቀህ ትፈታዋለህ። ዋስ የሆነ ሰው ሳይወርድ ከሞተ ነፍሱ ታስራ ትቀራለች እየተባልን ነው ያደግነው። አባቴ በሞት አልጋው ላይ ሳለ ዋስ የሆነላቸው ሦስት ሰዎች በየተራ ዳኛው ዘንድ ሄደው አወረዱት። ለእሱ ግን ማንም አልነገረውም። ዋስነትህ ወረደ ማለት ትሞታለህ ማለት ስለሆነ፣ በበሽተኛ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼ ነው ያደግኩት፣ ማንም ተቀምጦ አላስተማረኝም።

በገላባት ሁለት ዓመት ሠራሁ። ሐጁ ወረቀቴን በየዓመቱ ራሳቸው ሄደው ያሳድሱልኛል። ሲጠሩኝ "ያ ወለዲ" ነው የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔም ደስ እያለኝ እታዘዛለሁ። ልቤ ግን ያለው ማዶ ነበር።

ሚስቴን በየገበያው ቀን አያታለሁ። እሷ በዚያ ዳር፣ እኔ በዚህ ዳር ሆነን እየጮህን እናወራለን። ድልድዩ ላይ የቆሙት የደርግ ወታደሮች ስለሚሰሙን ከቤት ጉዳይ ሌላ አይወራም።

"ጣሪያው ያፈሳል!" ትለኛለች።

"ሣር ጨምሪበት!" እላታለሁ።

"ሣሩን የሚያወጣው ማነው?"

አንዱ ወታደር፣ "አንተ ሰውዬ፣ ለምን ተሻግረህ አትከድንላትም? እኛ መሰላሉን እንይዝልሃለን" ይላል። ጓደኞቹ በሳቅ ይሞታሉ። አንዳንዴ እሷም አብራቸው ትስቅ ነበር።

ወንዙን መሻገርስ አያቅታትም ነበር። ከከተማው ራቅ ብሎ ጠባቂ የሌለበት ቦታ ሞልቷል። ጣጣው ከተሻገሩ በኋላ ነው። ወረቀት የሌላትን ሴት የገላባት ፖሊስ ይይዝና አምጥቶ ድልድዩ ላይ ለእነዚያው ወታደሮች ያስረክባታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እኔ አልናገርም። ስለዚህ ለእሷም ዋስ ያስፈልጋታል፣ ዋስ የሚሆነውም የአገሩ ሰው ብቻ ነው። ሐጁን ለመጠየቅ ስንት ወር አፌ ተሳሰረ። አንድ ቀን ራሳቸው አነሱት። "ሰሊጡ ተጭኖ ይለቅ፣ ለሚስትህም እቆማለሁ" አሉኝ። ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል ጆሮዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ።

ይህንን በአንዲት ጨው ሻጭ በኩል ላክሁባት። ወረቀቱ ሲያልቅ እንደ አገሩ ሰው ነጭ ጥምጥም ጠምጥሜ ወንዙ ዳር እመጣለሁ፣ ነጩን ካየሽ ጓዝሽን ይዘሽ ማታውኑ በላይኛው መሻገሪያ ነይ አልኳት። ጥምጥሙን ያን ዕለት ገዛሁና ሣጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ስንገናኝ እሷ መጀመሪያ የምታየው ፊቴን ሳይሆን ራሴን ነው። ባዶ ራሴን ታያለች፣ ከዚያ "ጣሪያው ያፈሳል" ትላለች።

የሰሊጡ ጭነት ሊያልቅ ሲል ሐጁ ታመው ተኙ።

ካርቱም የሚማር አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፣ ሊያስታምም መጣ። እኔም ልጠይቃቸው ገባሁ። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ብርድ ልብስ ደራርበውላቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ ዓይናቸውን ገልጠው ለይተውኝ ይሁን አይሁን እንጃ። ስለ ሚስቴ ወረቀት አላሰብኩም ብል እግዜር ይታዘበኛል፣ አስቤያለሁ። ይበልጥ ያሰብኩት ግን ስለ ሰውየው ነው።

ገላባት ላለነው ሐበሾች ሽማግሌ የሚሆኑን አንድ የጎጃም ሰው ነበሩ። ድሮ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው በዚያው የቀሩ ናቸው፣ በአህያ ውሃ ይሸጣሉ፣ አባባ እንላቸዋለን። ጠብ ሲነሳ እሳቸው ናቸው የሚዳኙን። አዝኜ ሲያዩኝ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ እኒህ ሰውዬ ዋስህ አይደሉም ወይ?"

"ናቸው አባባ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? በአንተ ጉዳይ ታስረው ይሂዱ?"

"እሳቸው እስላም ናቸው እኮ..."

"ኧረግ! ነፍስ ነፍስ ነው። ያውም እንጀራቸውን የበላኸው ሰውዬ ነፍስ!"

"ወረቀቴስ?"

"ሌላ ዋስ ትተካለሃ! ዋስ መተኪያ ቀጠሮ የማይሰጥ ዳኛ የት አገር አለ?"

እንዲህ ሲሉኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ለእኒያ ሰው የምመልሰው ውለታ አጥቼ ስጨነቅ ነው የኖርኩት፣ ይኸው ተገኘ። "ለእሳቸው ልንገራቸው?" አልኩ። አባባ ተቆጡኝ። "በሽተኛ ሰው ደጅ ሄደህ መሞትህ ነው ልትል? የቆሙልህ ዳኛ ፊት ነው፣ የምታወርዳቸውም እዚያው ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው አልኩ። በእኛ አገር ቢሆን እውነታቸውን ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ተላጨሁ፣ ሸሚዜን ለበስኩ። ጫማዬ የናፍጣ ነው፣ ራሴ ደግሞ ተጎሳቁሏል። በእነሱ አገር የተጠመጠመ ራስ ይከበራል። ሣጥኔን ከፍቼ ያንን ነጭ ጥምጥም አወጣሁት። ገበያ አይደለም፣ ወንዝ ዳርም አልሄድም፣ ምን አለበት አልኩ። አይ እኔ! ይኸውልህ እንግዲህ ቂልነት ሲጀምር እንዲህ ነው የሚጀምር።

ከአባባ ጋር ቢሮው ስንገባ ጸሐፊው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አየን። አረብኛዬ የወርሻ አረብኛ ነው፤ አምጣ፣ ፍታ፣ አጥብቅ፣ ዘይት ጨምር። ያንኑ ይዤ፣ "ሐጁን ከዋስነት ላወርድ መጥቻለሁ" አልኩት።

"በድሎሃል?"

"ምንም አልበደሉኝም።"

"ተጣልታችኋል?"

"አልተጣላንም።"

"ታዲያ ለምን?"

"ደግ ሰው ስለሆኑ" አልኩ። አባባ ከጎኔ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጸሐፊው እንደገና ጠየቀኝ። ለሦስተኛ ጊዜም ጠየቀኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጎ፦ "የዳሚንህን እጅ በፈቃድህ ትለቃለህ?" ሦስት ጊዜ መጠየቅ በእኛም አገር ወግ ነውና ደስ አለኝ። እነዚህም ሰዎች ሥርዓት ያውቃሉ አልኩ በሆዴ። "እለቃለሁ" አልኩት። ጻፈ፣ ፈረምኩ። ከዚያ የመኖሪያ ወረቀቴን ተቀበለኝና መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

"አዲሱ ዳሚን ማነው?" አለኝ።

"ቀጠሮ ስጠኝ፣ አመጣለሁ።"

"የምን ቀጠሮ?"

አባባን አየኋቸው። አባባ መሬት መሬት ያያሉ።

"ስማ" አለኝ ጸሐፊው፣ "ዳሚን ከሌለህ እዚህ አገር የለህም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰው ካላመጣህ ድልድዩን ታውቀዋለህ።" ይህንን ብሎ የፈረምኩትን ወረቀት ለአንድ ፖሊስ ሰጠው፣ ሐጁ ዘንድ አድርስ አለው። በዚያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ኧረ ባክህ ታመዋል፣ አይነገራቸው ብዬ ጠረጴዛውን ያዝኩ። "ዋስ መውረዱን ማወቅ አለበት፣ ሕግ ነው" አለኝ። ፖሊሱ ወጥቶ ሄደ።

እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ ሐጁ ቤት ሮጥኩ። ፖሊሱ ቀድሞኛል። ልጃቸው ወረቀቱን በእጁ ይዞ በር ላይ ቆሟል። ነገሩን ላስረዳው ሞከርኩ። የወርሻ አረብኛ ለነፍስ ጉዳይ ምን ይሆናል? "አባትህ... ሞት... ጥሩ እንዲሆን" አልኩት። ዓይኑ ደም መሰለ።

"አባቴ በቁሙ ሳለ ሞተ ትላለህ?"

"አይደለም፣ እኔ..."

"የአባቴን እጅ በበሽታው ቀን ጣልክ። አሁን ደግሞ የእኔን እጅ ልትፈልግ መጣህ?" አለኝ። በሩን ዘጋብኝ። ስደበድብ ቆየሁ፣ የከፈተልኝ የለም።

ከዚያ ወዲያ ገላባትን ዞርኳት። ትራክተሩን የጠገንኩለት፣ ወፍጮውን ያስነሳሁለት፣ አብሮኝ ሻይ የጠጣ ሁሉ ጋ ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ሐጁን ለጣለ ሰው ማን ሊቆም? አንዱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ሌላው፣ "ለአንተ ብቆም እኔንስ መቼ ነው የምትጥለኝ?" ብሎ ሳቀብኝ። አባባ ከኋላዬ ከአህያቸው ጋር ይከተሉኝ ነበር። እሳቸው ራሳቸው በሰው ዋስ ነው የሚኖሩት፣ ምን ይሁኑ። "ልጄ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁ" አሉኝ። አልመለስኩላቸውም። አሁን ሳስበው ብመልስላቸው ጥሩ ነበር፣ ያን ዕለት ግን እኒያን ሽማግሌ ለማነቅ ትንሽ ነው የቀረኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ይዘውኝ ወደ ድልድዩ ወረድን። መፍቻዎቼን እንድይዝ ፈቅደውልኛል። ጥምጥሙን ረስቼዋለሁ። ራሴ ላይ እንዳለ እንኳ አላስታውስም።

ሚስቴ በዚያ ሰዓት ውሃ ልትቀዳ ወንዙ ውስጥ ወርዳ ነበር። የመተማ ሴቶች በበጋ አሸዋውን ቆፍረው ነው ውሃ የሚቀዱት። ቀና ስትል ነጩን አየች። ከሩቅ ፖሊሶቹን አላየችም፣ ወይም አይታ የገበያ ሰው መስለዋታል፣ ያየችው ነጩን ነው። እንስራዋን እዚያው ጥላ ወደ ቤት ሮጠች። ጓዟን ካሰረችው ወር አልፎት ነበር። ማታ ድረስ መቆየት አቅቷት፣ ጓዟን አንጠልጥላ ወደ ላይኛው መሻገሪያ ስትገሰግስ፣ መንገዱ በድልድዩ አጠገብ ነውና፣ ወታደሮቹ እኔን ሲረከቡኝ ደረሰች።

ቆመች። እኔን አየች፣ ጥምጥሙን አየች፣ እጄን የያዙትን አየች። ወታደሩም እሷን አየ፣ ጓዙንም አየ።

"ወዴት ነው በዚህ ሰዓት ጓዝ ይዞ?" አላት።

ጓዟን ወደ ኋላዋ ሸሸገች። ያ ድሮ መሰላል እንይዝልሃለን ሲል የነበረው ወታደር አሁን አልሳቀም፣ ክንዷን ያዘ።

እሷን ወራት አሰሯት። ታስራ ሳለ የሦስት ወር ፅንስ ወረደባት ልል ነበር... አይደለም፣ ይህንን መዋሸት አልችልም፣ እርግዝና አልነበረም፣ በሁለት ዓመት ውስጥ በወንዝ ማዶ ለማዶ ምን እርግዝና ይመጣል! ይልቁንስ ያ ነው የሚያንገበግበኝ። እኔን ለምርመራ ጎንደር ወሰዱኝ፤ ቆይተው መካኒክ መሆኔን ሲያውቁ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ላኩኝ። የጦር ኃይል መኪና እየጠገንኩ ደርግ እስኪወድቅ እዚያው ቀረሁ። ስመለስ ከመተማ ወደ ውስጥ ገባ ባለችው በገንዳ ውሃ ከተማ አገኘኋት። ልጅ የምንወልድበት ጊዜ አምልጦን ነበር። "ጣሪያው ያፈሳል" አለችኝ በሩ ላይ ቆማ። ተቃቅፈን አለቀስን። ስለዚያ ቀን ጠየቀችኝ፣ ዋሴ ሞቱብኝ፣ ልጃቸው ወረቀቴን አስነጠቀኝ አልኳት። በገዛ እጄ መስጠቴን አልነገርኳትም።

ድንበሩ ሲከፈት ወደ ገላባት ተሻገርኩ። ምን እንደፈለግኩ እንጃ፤ ምናልባት የሐጁን ልጅ ልሰድበው ነበር። ወርሻው ውስጥ ልጅየው ጸጉሩ ሸብቶ፣ እንደ አባቱ ጀለቢያ ለብሶ ተቀምጧል። ከእኛ ስደተኞች ጋር ዓመታት ሠርቶ አማርኛ ለምዷል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ተነስቶ ቆመ። አልተቆጣም። ተቀመጥ አለኝ።

"ያን ጊዜ አባቴን ለምን ጣልከው?" አለኝ። "ዕድሜ ልኬን ልጠይቅህ ነው የምፈልገው።"

በአማርኛ ነገርኩት። የዋስን ነገር፣ የነፍስን ነገር፣ ለበሽተኛ እንደማይነገር፣ ሁሉንም። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

"አባቴ እኮ ያን ጊዜ አልሞተም" አለኝ።

"ምን?"

"ወባ ነበር። በሳምንቱ ተነስቶ ወርሻው መጣ። ከዚያ በኋላ አራት ክረምት ኖሯል።"

ወይ ነዶ! ወባ! እኔ ራሴ በየዓመቱ የምታመመው ወባ! ቆላ ኖሮ ወባን ከሞት የማይለይ ሰው እኔን ብቻ አየሁ።

"ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ" አለ ልጅየው። "ምን በደልኩት አለኝ። የከፋው ነገር ነበረ ወይ፣ ምግብ ጎደለው ወይ፣ ወርሻ ውስጥ የሰደበው አለ ወይ እያለ ሠራተኛውን ሁሉ ጠየቀ። ድልድዩ ላይ ሰው ልኮ አስፈልጎሃል፣ ወደ ጎንደር ወስደውሃል አሉት። እስኪሞት ድረስ ምን በደልኩት እንዳለ ነው።"

ከዚያ ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባና አንድ የታጠፈ ወረቀት አመጣ። ከመታመሙ በፊት ነው ያስጻፈው አለኝ። የሚስቴ ስም አለበት፣ በአረብኛ ስለተጻፈ እሱ አነበበልኝ፤ ከሥሩ የሐጁ ማህተም ተመትቷል። ቢሮ ገብቶ መመዝገብ ብቻ ነው የቀረው። አልጋ ላይ ሆነው እስኪሻላቸው ድረስ ትራስ ሥር አስቀምጠውት ኖሯል፣ በገዛ እጃቸው ሊሰጡኝ። እንዳይጣል ብለው ተናዘዋል።

ልጅየው መቃብራቸውን ላሳይህ አለኝ። ሄድን። ዋሴን አውርጃለሁ ብሎ የጮኸው አፌ እዚያ ሲሆን ተለጎመ።

ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩ። ከመፍቻ ሣጥኔ ሥር አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ሚስቴ ሣጥኑን ስትጠርግ አገኘችው። ማህተሙን በጣቷ ዳሰሰችው።

"ምንድን ነው?" አለችኝ።

"የድሮ የዕቃ ወረቀት ነው" አልኳት።

"እንግዲያው ምን ያደርግልሃል፣ ጣለው።"

አልጣልኩትም። እሷ አረብኛ አታነብም፤ አማርኛ ግን ታነባለች፣ ያውም ከእኔ ታቀላጥፋለች። አሁንም ይህንን ስጽፍ ከማዶ ሽንኩርት እየላጠች፣ "ይሄን ሁሉ ምን ትሞነጭራለህ?" ትለኛለች። አፌ እምቢ ብሎኝ ነው የጻፍኩት። አንብበሽ ስትጨርሺ ወረቀትሽ ከትልቁ መፍቻ ሥር ነው፣ ዘይት እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልየዋለሁ።